ስለ ሕፃናት ምግብና ስለ ብረት

ብረት ለማረሻና ለምሳር ብቻ የሚያገለግል አይደለም፤ በደማችንም ውስጥ ይገኛል። ደምን አቅልቶ ኦክሲጅንን ከሳንባ ወደ አካላት ሁሉ የሚያደርሰው ሄሞግሎቢን ያለ ብረት አይሠራም።

ወራቱን ጨርሶ የተወለደ ሕፃን ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የመጣው የብረት ስንቅ ስድስት ወር ያህል ያቆየዋል። ከዚያ በኋላ የእናት ጡት፥ ሊቋረጥ የማይገባው ቢሆንም፥ ብቻውን አይበቃም። በ2001 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣው መመዘኛ ከ7 እስከ 12 ወር ላለ ሕፃን በቀን 11 ሚሊግራም ብረት ይመድባል፤ ለጎልማሳ ወንድ ግን 8 ሚሊግራም ብቻ ነው!

ጤፋችን ብረት እንዳለው ሁላችንም እንናገራለን፤ እውነትም አለው። ነገር ግን ከፊሉ በአውድማ ከአፈር የተቀላቀለ ስለ ሆነ ሰውነት እምብዛም አይጠቀምበትም፤ የእህሉንም ብረት ፋይቴት የተባለው ነገር አስሮ ይይዘዋል። ሊጥ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳልና እናቶቻችን ሳያውቁት መልካም ሠርተዋል። ሕፃኑን በገንፎ ብቻ ከማሳደግ፥ በሚገባ የበሰለና የደቀቀ ሥጋ ጥቂት መጨመር ይበልጣል፤ ይህ ባይገኝ ምስር ከብርቱካን ጭማቂ ጋር ይሰጠው። ጾም በሕፃናት ላይ አልተደነገገም፤ ድስቱ በሥጋ እንዳይነካ ተብሎ ግን ሕፃኑም አብሮ ሲጾም እናያለን። ለእርሱ አንዲት ትንሽ ድስት ብትለይ ምን ይከፋል? ሻይ ብረትን ስለሚያግድ ለሕፃን አይሰጥ፤ የላም ወተትም ዓመት ሳይሞላው በጡት ፈንታ አይሁን።

በትምህርት ቤት የምናየው ፊቱ የገረጣ፥ ቶሎ የሚደክም፥ አፈር የሚበላ ልጅ ሰነፍ ተብሎ ከመቀጣቱ በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ፤ ምክንያቱ የብረት ማነስ ወይም የአንጀት ትል ሊሆን ይችላልና። ለእናት የታዘዘውን የብረት ክኒን ግን ለልጅ መስጠት ወይም እጁ በሚደርስበት ማኖር ለሞት ሊያደርሰው ይችላል።