ነጭ ሽንኩርቱ ለወጡ፣ ሳሙናው ለቁስሉ

ቆሰበር (እንጅባራ ከተማ) ላይ ጋሪ የሚነዳ፣ ሥጋ ቤት የሚቆርጥ ወይም ምግብ ቤት የሚያበስል ሰው እጁ ሳይቆረጥ ዓመት አይሞላውም። ያን ጊዜ በዙሪያው ያለው ሁሉ ሐኪም ነው። አንዱ “ነጭ ሽንኩርት ደቁሰህ እሰርበት” ይላል፣ ሌላው ፌጦ ያመጣል።

ምክሩ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1944 ካቫሊቶና ቤይሊ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከነጭ ሽንኩርት አሊሲን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይተው ባክቴሪያ እንደሚገታ አሳይተዋል። ዝንጅብል፣ ጥቁር አዝሙድና ጦስኝም ቁስል የሚያመረቅዘውን ስታፊሎኮከስን በቤተ ሙከራ ሲያዳክሙ ታይተዋል።

ግን የቤተ ሙከራ ሳህን ሌላ፣ እጅ ሌላ። ሳህኑ ላይ የሚፈተነው ብዙውን ጊዜ ተጨምቆ የተጠናከረ ቅመም ነው፤ ባክቴሪያውም ገላጣ ላይ ተሰጥቶ ይጠብቀዋል። ቁስል ውስጥ ደም፣ መግልና ጥልቀት አለ። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ላይ ታስሮ ሲያድር ደግሞ እንደ እሳት ያቃጥላል፣ ውኃ ያስቋጥራል። አንድ ቁስል ይዞ የተኛ ሰው በሁለት ይነሣል።

ጋሪ ነጂዎች በተለይ ይህን ስሙኝ። ፈረስ የአዊ ሕዝብ ክብር ነው፤ ጥር 23 እንጅባራ ላይ የፈረሰኞቹን በዓል ያየ ያውቀዋል። ፋንድያው ግን የመንጋጋ ቆልፍ ተህዋስ ይኖርበታል፣ አፈሩም እንዲሁ። ተህዋሱ አየር የማያገኘው ጠባብና ጥልቅ ቁስል ይመቸዋል፤ ሚስማር ሲወጋ የሚተወው ዓይነት። ይህን የሚከላከል ቅጠል የለም፣ ክትባት ግን አለ። ስለዚህ ቁስሉን በሚፈስ ንጹሕ ውኃና በሳሙና ደህና አድርጋችሁ እጠቡ፣ ደሙ እስኪቆም በንጹሕ ጨርቅ ተጫኑት፣ ሸፍኑት። ጥልቅ ከሆነ ወይም ከቆሸሸ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱና የመጨረሻውን የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መቼ እንደወሰዳችሁ ንገሯቸው። ቀልቶ ካበጠ፣ ከተኮሰ ወይም ትኩሳት ካመጣ ማደር የለም።

ነጭ ሽንኩርቱ ቦታው ወጥ ቤት ነው። አሊሲን ፍሬው ውስጥ ተዘጋጅቶ አይጠብቅም፣ ሲደቆስ ነው የሚፈጠረው፤ እሳት ቶሎ ካገኘው ሳይፈጠር ይቀራል። ደቁሳችሁ 10 ደቂቃ ያህል አቆዩትና ከዚያ ወደ ድስቱ። ዘይት ውስጥ ነክራችሁ መደርደሪያ ላይ አታሳድሩት፤ ቦቱሊዝም የተባለውን በሽታ የሚያመጣው አደገኛ መርዝ የሚመረተው እንዲህ ባለ አየር አልባ ቦታ ነው።

ሥጋ ቆራጮች ደግሞ ሚጥሚጣና አዋዜ ጥሬ ሥጋ “ያጠራል” ትላላችሁ። አያጠራም። የኮሶ ትል በቅመም የሚሞት ቢሆን አያቶቻችን ያን መራራ ኮሶ ባልጠጡ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ያመረቀዘ ጣት ላይ ያለው ስታፊሎኮከስ ምግብ ውስጥ ገብቶ ከዋለ የሚያመነጨው መርዝ በማፍላት አይጠፋም። ጣቱ መግል የያዘ ሰው እስኪድን ድረስ ከወጥ ቤት ወጥቶ ሒሳብ ይቀበል።