ላፕቶፔ «ቀጭ ቀጭ» ይላል፤ ያሰጋል?

ጥያቄ፦ የአምስት ዓመት ላፕቶፔ ሰሞኑን ከውስጡ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ያሰማል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አዎ፣ ያሰጋል። መረጃ በሚያከማቸው ሃርድ ዲስክ ውስጥ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሳህን አለ፤ መረጃ አንባቢው ራስ ሳይነካው ከላዩ ይንሳፈፋል። ዝግ ያለ የመሽከርከር ድምፅና ፋይል ሲከፈት የሚሰማ ቀላል ኮሽታ የጤና ነው። የሚደጋገም ቀጭታ ግን አንባቢው ራስ ቦታውን ማግኘት እንዳቃተው፣ የመፋቅ ድምፅ ደግሞ ሳህኑን እየነካው ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል። የላፕቶፕዎ ማከማቻ ኤስኤስዲ (SSD) የሚባለው ዓይነት ከሆነ ግን የሚሽከረከር አካል ስለሌለው ማራገቢያውን ያስመርምሩ።

ዛሬውኑ ፎቶና ሰነዶችዎን ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ። የመፋቅ ድምፅ ከሰሙ ግን ወዲያው አጥፍተው ለባለሙያ ይስጡ፤ አቧራ ስለሚጎዳው ዲስኩን ቤት ውስጥ አይክፈቱ። ዲስክ በገንዘብ ይተካል፤ የጠፋ የቤተሰብ ፎቶ ግን አይተካም።