ተምችን በመዓዛ ወጥመድ ስለ መጠባበቅ

ከሀርጌሳ በስተ ምዕራብ በገቢሌና በወጃሌ አልፎ እስከ ጅግጅጋ የሚዘረጋው ሜዳ ማሽላና በቆሎ የሚዘራበት አገር ነው። የዚህ እህል ብርቱ ጠላት ተምች መኾኑን ገበሬው ኹሉ ያውቃል። በቀድሞው የአፍሪካ ተምች ላይ፣ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2016 ከወደ አሜሪካ የመጣው መጤ ተምች በምዕራብ አፍሪካ ታየ፤ በ2017ም ኢትዮጵያ ገባ።

መጤው ተምች አድጎ ወደ በቆሎው መካከለኛ ቅጠል ከገባ በኋላ መድኃኒት በቀላሉ አይደርስበትም። ስለዚህ ጠላትን ገና የእሳት እራት ሳለ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሴቲቱ የእሳት እራት ወንዱን በሌሊት የምትጠራው በመዓዛ ነው፤ ሊቃውንት ፌሮሞን ይሉታል። በ1959 ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ አዶልፍ ቡተናንት ከ500,000 ያህል የሐር ትል እራቶች ይህን መዓዛ ነጥሎ አሳየ። ዛሬ የተምች መዓዛ በፋብሪካ ይሠራል። አጠቃቀሙም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ/ ወጥመዱ ክዳን ያለው፣ አፉም ወደ ታች እየጠበበ የሚኼድ ባልዲ ነው። መዓዛውን የያዘችው ትንሽ ጎማ ከክዳኑ ሥር ትደረጋለች።

2ኛ/ ወጥመዱ በእርሻው ውስጥ ወይም ዳር፣ ከምድር 1 ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ በእንጨት ላይ ይሰቀል። እህሉ ሲያድግ ከጫፉ በላይ ከፍ ይደረግ።

3ኛ/ የኹለቱ ተምቾች መዓዛ ልዩ ልዩ ስለ ኾነ በአንድ ባልዲ አይቀላቀል። ጎማዋ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ካገለገለች በኋላ ትለወጥ።

4ኛ/ በየሳምንቱ የተያዙት ተለይተው ይቈጠሩ፤ ቀኑና ቊጥሩ ተጽፎ ባልዲው ባዶ ይደረግ።

ወጥመዱ ተምችን ያጠፋል ብሎ መተማመን ግን አይገባም። የሚይዘው ወንዶቹን ብቻ ነው፤ የመጤው ተምች ሴት ግን በአንድ ስፍራ ከ100 እስከ 200 ዕንቊላል ትጥላለች፤ ዕንቊላሉም በጥቂት ቀን ይፈለፈላል። ወጥመዱ ዘበኛ ነው፤ ቊጥሩ ከፍ ሲል ገበሬው ወዲያው እርሻውን እየዞረ ቅጠሉን ይመርምር፤ ያገኘውንም ዕንቊላልና ትል በእጁ ይጨፍልቅ። ጉዳቱ መብዛቱን በዓይኑ ሳያይ መድኃኒት መርጨት ገንዘብ ማባከን ነው።

መጤው ተምች በአንድ ሌሊት እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሊበር ስለሚችል ድንበር አያግደውም። በ1962 የተቋቋመው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ከአንበጣ ሌላ ተምችንም በጋራ እንዲከታተል የተደረገው፣ እንዲህ ያለውን ተጓዥ ጠላት አንድ አገር ብቻውን ስለማይችለው ነው። የጅግጅጋ ቊጥር ለገቢሌ፣ የገቢሌም ለጅግጅጋ ማስጠንቀቂያ ይኾናል። ስለዚህ ወጥመድ የሰቀለ ኹሉ ቊጥሩን በየሳምንቱ በአቅራቢያው ላለው የግብርና ሠራተኛ ያስታውቅ።