እህል ሳይቀምሱ 8 ሳምንት

ሆዱን ለሚያመው ልጅ ቤታችን የሚያውቀው መላ አጥሚት ማቅመስ ነው። ክሮንስ የተባለው የአንጀት በሽታ ለያዘው ልጅ ግን ሐኪም ሊያዝ የሚችለው ሌላ ነው፤ ከ6 እስከ 8 ሳምንት እህል አይቀምስም። ሁዳዴን ያህል መሆኑ ነው። ልጁ ግን አይራብም፤ ፕሮቲኑ፣ ቅባቱና ቫይታሚኑ የተሟላለት ፈሳሽ ምግብ ብቻ ይጠጣል።

ክሮንስ የሰውነት መከላከያ ኃይል የራሱን አንጀት የሚያቆስልበት፣ እየተነሣ የሚተኛ የዕድሜ ልክ ሕመም ነው። ስሙ የመጣው በ1932 እ.ኤ.አ. ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ስለ በሽታው ከጻፈው የኒው ዮርክ ሐኪም ከቡሪል ክሮን ነው። በልጅ ላይ ሲከፋ ተቅማጡና ቁርጠቱ ብቻ አይደለም፤ ቁመትም ይቆማል። ስቴሮይድ ሕመሙን ቶሎ ያበርዳል፤ እድገትን ግን እሱም ይገታል። ፈሳሹ ምግብ ከ10 ልጆች ለ8ቱ ያህል ሕመሙን ያስተኛል፣ ክብደት ይመልሳል፣ የአንጀቱን ቁስል በማድረቅም ከስቴሮይድ ይበልጣል።

ወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። በቀን 1800 ካሎሪ የሚያስፈልገውን ልጅ አስቡ። ፈሳሹ በሚሊ ሊትር 1 ካሎሪ ከያዘ፣ ባለ 200 ሚሊ ሊትር 9 ጠርሙስ መጨረስ አለበት፤ ነገም፣ ከነገ ወዲያም። በዚያ ላይ ጎን ካለው ማድ ቤት ሽንኩርት ይቁላላል። ቀዝቀዝ ሲል ጣዕሙ ይሻላል፤ መጠጣት ያቃተው በአፍንጫ በሚገባ ቀጭን ቱቦ ይሰጠዋል።

ቁም ነገሩ የሚሰጠው ነው ወይስ የሚከለከለው? እስራኤላዊው ሐኪም አሪ ሌቪንና ባልደረቦቹ ግማሹን ፈሳሽ አስቀርተው በምትኩ ዶሮ፣ እንቁላል፣ ሩዝ፣ ድንችና ሙዝ ፈቀዱ፤ ስንዴን፣ ወተትንና የፋብሪካ ምግብን ከለከሉ። በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣው ጥናታቸው ይህን የያዙት ልጆች ከፈሳሽ-ብቻዎቹ ይልቅ ሥርዓቱን ችለው ዘለቁ፤ በ12ኛው ሳምንትም ሕመሙ ተኝቶ የቆየላቸው እነሱ በዙ። ለእኔ ይህ ክልከላው ራሱ መድኃኒት ነው ወደሚለው ያደላል።

አልሰሬቲቭ ኮላይተስ ለተባለው የክሮንስ ዘመድ የአንጀት ሕመም ፈሳሹ ያን ያህል አይሠራም፤ አዋቂዎችም ብዙዎቹ ጀምረው ያቋርጡታል። በእኛ አገር ደግሞ ከሁሉ በፊት መለየት ያለበት አለ፦ የአንጀት ቲቢ ቁርጥ ክሮንስን ይመስላል፤ እሱ የሚታከመው ግን በቲቢ መድኃኒት ነው።