አሮጌ ሌንስ በአዲስ ካሜራ፦ ሩቁን የምትወስነው አንዲት ሚሊሜትር

በሮም ከፖርታ ማጆሬ ወዲያ የሚገኘው ፒኜቶ ሰፈር በሲኒማ ታሪክ የታወቀ ነው። ሮቤርቶ ሮሴሊኒ እ.ኤ.አ. በ1945 «ሮም፣ ክፍት ከተማ» የተሰኘውን ፊልም ሲሠራ፣ አና ማኛኒ የጭነት መኪና ተከትላ ስትሮጥ በጥይት የምትወድቅበትን ትዕይንት የቀረጸው በዚሁ ሰፈር፣ በሞንቴኩኮሊ ጎዳና ነበር። ዛሬ ይህን ጎዳና በዚያ ትውልድ ሌንስ በዲጂታል ካሜራ ማንሣት ይቻላልን? ይቻላል፤ ነገር ግን ሌንሱ ከካሜራው ጋር ስለገጠመ ብቻ ጎዳናውን አጥርቶ ያሳያል ማለት አይደለም።

እያንዳንዱ ሌንስ የተሠራው ከመግጠሚያው እስከ ፊልሙ ወይም እስከ ሴንሰሩ ላለ አንድ የተወሰነ ርቀት ነው። «ኤም 42» በተባለው ባለ ጥርስ መግጠሚያ ይህ ርቀት 45.46 ሚሊሜትር ሲሆን፣ በኒኮን ኤፍ 46.5 ነው። ልዩነቱ 1.04 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ይሁንና የሌንሱ የትኩረት ርዝመት 50 ሚሊሜትር ቢሆን፣ 50 በ50 ተባዝቶ ለ1.04 ሲካፈል ውጤቱ 2,404 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ የ«ኤም 42» ሌንስ በኒኮን ኤፍ ካሜራ ላይ ሲገጠም፣ ማገናኛው ቀለበት ምንም ውፍረት ባይጨምር እንኳ፣ ከ2.5 ሜትር ገደማ ወዲያ ያለው ሁሉ ይደበዝዛል። የቅርብ ሰው ፊት ይጠራል፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ቤት ግን አይጠራም።

መስታወት አልባ ካሜራዎች ይህን ችግር አቃልለዋል። የሶኒ ኢ መግጠሚያ ርቀት 18 ሚሊሜትር ብቻ በመሆኑ፣ የጎደለውን 27.46 ሚሊሜትር የሚሞላ ባዶ ቱቦ በመካከል ማስገባት ይበቃል። ሌንሱ አይነካም።

ፈተናው የሚከብደው መግጠሚያው ብርቅ ሲሆን ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻ በሮም መመረት የጀመረው ሬክታፍሌክስ ካሜራ የራሱ የተለየ መግጠሚያ ነበረው። እንዲህ ያለውን ሌንስ ወደ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስቆረጥ ቀላል መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ሆኖም የተቆረጠ ብረት አይመለስም፣ ሌንሱም ወደ ቀድሞ ካሜራው አይገባም። የሚሻለው ቶርኖ ቤቱ ቀለበቱን በሌንሱ ልክ እንዲያወጣ ማድረግ ነው። መግጠሚያው በብሎን የታሰረ ከሆነም ፈትቶ በአዲስ መተካትና የቀድሞውን ከብሎኖቹ ጋር ማስቀመጥ ይገባል።

ሥራው ሲያልቅ ሌንሱ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ፣ የትኩረት ቀለበቱም እስከ ዳር ተዙሮ፣ እጅግ የራቀ ነገር ይታይበታል። ርቀቱ በ0.05 ሚሊሜትር ብቻ ቢረዝም፣ የ50 ሚሊሜትሩ ሌንስ የጥራት ወሰን በ50 ሜትር ላይ ይቆማል። በጥቂቱ ቢያጥር ግን ሩቁ አይጠፋም፤ የሚዛባው በሌንሱ ላይ የተጻፈው የርቀት ቁጥር ነው። ስለዚህ ቀለበቱ በመጠኑ ሳስቶ ይሠራና በኋላ በስስ ብረት እየተደገፈ ይስተካከላል።