አማካሪነት ወይስ ቋሚ ቅጥር?

ጥያቄ፦ ንፋስ መውጫ አድጎ በሶፍትዌር ምህንድስና ለተመረቀ ወጣት የሚሻለው በግል በውል የማማከር ሥራ ነው ወይስ በባንክ የቴክኖሎጂ ክፍል መቀጠር?

መልስ፦ ሁለቱ ሥራዎች ከሁሉ በላይ የሚለያዩት ኃላፊነቱ በሚዘልቅበት ጊዜ ነው። አማካሪ ሥርዓቱን ዘርግቶ፣ ሠራተኛ አሠልጥኖ፣ ርክክብ ፈርሞ ወደ ሌላ ደንበኛ ይሄዳል፤ በጥቂት ዓመታት ብዙ መሥሪያ ቤት ያያል። የተቋሙ ባለሙያ ከሥርዓቱ ጋር ይኖራል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ ችግር ተፈጥሮ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ አውጥተው ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ጉድለቱን ማፈላለግና ሒሳብ ማስታረቅ የውስጥ ባለሙያን ይጠይቃል። ጥልቅ እውቀት የሚገኘውም ከዚሁ ነው።

ጥቅማ ጥቅሙም ቀላል አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ተቀጣሪ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎቱ 16 የሥራ ቀናት ፈቃድ ያገኛል፤ በጡረታ ሕጉ ደግሞ ለጡረታው አሠሪው የደመወዙን 11 በመቶ፣ እሱ 7 በመቶ ያዋጣሉ። በግሉ የሚያማክር ሰው ዕረፍቱንም፣ ጡረታውንም፣ ሥራ የሚጠፋበትን ወርም ከክፍያው ይሸፍናል። ስለዚህ ክፍያው ከደመወዝ በእጅጉ ካልበለጠ አያዋጣውም።

በወረታ–ወልድያ መንገድ ላይ ባለችው ንፋስ መውጫ የባንክ ቅርንጫፍ እንጂ የባንክ ዋና መሥሪያ ቤት የለም፤ ቅጥሩ ወደ አዲስ አበባ መሄድን ይጠይቃል። ቢሆንም ለጀማሪ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዓመታት በቋሚ ቅጥር ማሳለፍ ይመረጣል፤ ማማከሩ ልምድ ሲገኝ ይደርሳል።