የሱቃችሁ የድሮ ፍሎረሰንት ስንት እየበላ ነው?

የዛሬው የጤፍና የበቆሎ ዋጋ ማታ ይለጠፋል። እስከዚያው በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝን ልመልስ፦ የመደብሩን ፍሎረሰንት በኤልኢዲ መቀየር ያዋጣል ወይ? በሂሳብ እንየው።

እዚህ ግምጃ ቤት በየእህል መደብሩ የተሰቀለው ባለ 120 ሳንቲሜትሩ ዘንግ ነው። ላዩ ላይ 36 ዋት ይላል፣ የጥንቱ ወፍራሙ ደግሞ 40። ቆጣሪው የሚቆጥረው ግን ይሄን ብቻ አይደለም። እቃው ውስጥ ያለው ከባዱ ብረት፣ ባላስቱ፣ ለራሱ ወደ 9 ዋት ይበላል። ስለዚህ አንዱን ዘንግ 45 ዋት ብላችሁ ያዙት። በምትኩ የሚገባው የኤልኢዲ ዘንግ አብዛኛውን ጊዜ 18 ዋት ነው።

አራት ዘንግ ያለው መደብር በቀን 10 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ቢያበራ በድሮው 46.8 ኪሎዋት ሰዓት፣ በኤልኢዲው 18.7 ይሆናል። ልዩነቱ በወር 28 ገደማ ነው። ይህን 28 ቢላችሁ ላይ ባለው ታሪፍ አባዙት። የአራቱን ዘንግ መግዣና የሠራተኛውን ደግሞ ለወጣው ብር አካፍሉ፤ በስንት ወር እንደሚመለስ ያኔ ታውቃላችሁ። ታሪፉን ቁጥር አድርጌ ያልጻፍኩት ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየተሻሻለ እንዲሄድ ስለተደረገ ነው፣ ዛሬ ብጽፈው ነገ ያረጃል። ታሪፉ በጨመረ ቁጥር መመለሻው ያጥራል። በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ የሚያበራ ግን ምን አስቸኮለው? ዘንጉ ሲቃጠል ይቀይር።

ለእኛ ለእህልና ቡና ሰዎች ከቢሉ የሚበልጠው ሌላ ነው፤ ቀለም። ክረምት ደመናው ሲከብድ ወይም አመሻሽ ላይ ገበሬው ጤፍ ይዞ ሲመጣ፣ ነጩን ከሰርገኛው የምትለዩት በዚሁ መብራት ነው። ጫፍና ጫፉ የጠቆረ አሮጌ ዘንግ ብርሃኑ ደክሟል። ቡናም እንደዚያው፦ የከረመው ነጣ ይላል፣ አዲሱ አረንጓዴነት አለው፤ ቢጫ ብርሃን ሥር ግን ሁለቱ ይመሳሰላሉ። አንድ ኩንታል ላይ ደረጃ ብትስቱ የወራት የመብራት ቁጠባችሁን ሊበላው ይችላል፣ ወይ ደግሞ ገበሬውን ትበድላላችሁ።

ስለዚህ ስትገዙ ዋቱን ብቻ አትዩ። ኬልቪን የሚለውን ተመልከቱ፦ 3000 ቢጫ ነው፣ 6500 ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ለእህል ማያ ከ4000 እስከ 5000 ያለው ይሻላል። አንዳንዱ ላይ 840 የሚል ታገኛላችሁ፤ 8ቱ ቀለምን በትክክል የማሳየት ደረጃው ከ80 በላይ ነው ማለት ነው፣ 40ው ደግሞ 4000 ኬልቪን። 9 ብሎ የሚጀምር ካገኛችሁማ እሰየው። ቢሆንም እኔ አሁንም ቀን ከሆነ ናሙናውን በር ላይ አውጥቼ ነው የማየው፣ ፀሐይን የሚያህል የለም።

ሌላው ኃይል መውረዱ ነው። ማታ ቮልቱ ሲደክም ፍሎረሰንቱ ብልጭ ድርግም እያለ አልነሳ ይላል። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል የተጻፈበት ኤልኢዲ ግን ያኔም ይበራል።

ገጠማው ላይ ጥንቃቄ! መስመሩን ከብሬከሩ ሳታጠፉ አትንኩ። የኤልኢዲ ዘንግ ሁሉ አገጣጠሙ አንድ አይደለም። አንዳንዱ በአንድ ጫፍ ብቻ ፌዝና ኒውትራል ይቀበላል፣ አንዳንዱ በሁለቱም ጫፍ። ስታርተሩ ይወጣል፣ ባላስቱም እንደ ዓይነቱ ይወጣል ወይ ይቀራል፣ ካርቶኑ ላይ ያለውን ሥዕል አይታችሁ ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው አሳዩት። መስመሩ ከተቀየረ በኋላ እቃው ላይ "ኤልኢዲ ብቻ" ብላችሁ ጻፉ። ነገ ልጁ የድሮውን ዘንግ ቢሰካበት ሾርት ያደርጋል።

የድሮውን እያጠራቀማችሁ ለመለዋወጫ እንይዛለን ለምትሉ ደግሞ፦ የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች እ.ኤ.አ. በ2023 ጄኔቫ ላይ ለመደበኛ መብራት የሚውሉ ፍሎረሰንቶችን ማምረትና መነገድ እስከ 2027 መጨረሻ ለማቆም ተስማምተዋል። ምክንያቱ ውስጡ ያለው ሜርኩሪ ነው። መጠኑ ጥቂት ሚሊግራም ቢሆንም መርዝ ነው። ዘንግ ስትፈቱ ሥሩ ያለውን ጆንያ አስቀድማችሁ አንሱ። ተሰብሮ ክፍት እህል ላይ ከወደቀ ያን እህል ለምግብ አትሽጡ፣ ለከብትም አትስጡ። በሩን ከፍታችሁ አየር አስገቡ፣ ስብርባሪውን በመጥረጊያ ሳይሆን በካርቶን ሰብስባችሁ ክዳን ባለው ዕቃ ዝጉት።